ፍቺና ግጥም፤ የካምቢዮ መሣሪያዎች የሚያነሡት ጥያቄ

የመኪና ካምቢዮ የሚፈታባቸውና መልሶ የሚገጠምባቸው መሣሪያዎች አንድ አይደሉም። ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መዶሻ በሁለቱም ሥራ ላይ አሉ። ኩሽኔታ መንቀያ ግን የፍቺ መሣሪያ ነው፤ ማይክሮሜትር፣ የክፍተት መለኪያ ቅጠል፣ ባለ መርፌ መለኪያና የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ደግሞ በዋናነት የግጥም መሣሪያዎች ናቸው። ለመፍታት ከሁሉ በላይ ኃይል ያስፈልጋል፣ ለመግጠም ደግሞ ልክ። ጋራዥ ውስጥ ይህ በየቀኑ ስለሚታይ ማንም አይደነቅበትም። ነገር ግን ካምቢዮ ማለት የክፍሎቹ ድምር ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ባልኖረ፣ የፈታው ቁልፍ መልሶ ለማሰር በበቃ ነበር። መለኪያዎቹ ማስፈለጋቸው፣ ከተፈታው ዕቃ ውስጥ በእጅ የማይያዝ፣ ሳህን ላይ የማይቀመጥ፣ ነገር ግን መመለስ ያለበት አንድ ነገር እንዳለ ያመለክታል። ያ ነገር ምንድን ነው? ጥያቄው ከመኪና በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል፤ ፈላስፎችም የሃይማኖት ሊቃውንትም ሲመላለሱበት ኖረዋል።

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ አስቀድሞ የተሰናዳ ቋንቋ ይመስላል። «ፈታ» የሚለው ግስ ለብሎን ይውላል፣ ለእስረኛ ይውላል፣ ለሕልምና ለእንቆቅልሽ ይውላል፣ ለትዳርም ይውላል። ካህን ንስሐ የገባውን ሰው ይፈታዋል፤ ሰው ሲሞት ፍትሐት ይደረግለታል። ሥሩ የግዕዙ «ፈትሐ» ነው፤ ፍትሕ የሚለው ቃልም የተወለደው ከዚያው ነው። የአንድ ቃል ትርጉም ፍቺ ይባላል፤ መፍታትና መረዳት በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው። «ገጠመ» ደግሞ በሌላው ጫፍ ቆሟል። መካኒኩ ካምቢዮ ይገጥማል፣ አናጢው በር ይገጥማል፣ ባለ ስንኙ ግጥም ይገጥማል፤ አጥንትም ከአጥንት የሚገናኝበት ቦታ መጋጠሚያ ይባላል። የመሣሪያዎቹና የዕቃዎቹ ስሞች አብዛኛዎቹ ከጣሊያንኛ የገቡ ናቸው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ። የሥራው ግሶች ግን አገርኛ ሆነው ቀርተዋል። ባዕድ ዕቃ በባዕድ ስሙ ሲገባ፣ በዚያ ዕቃ ላይ የሚሠራውን ሥራ አማርኛ ጥንት ለነፍስና ለቅኔ ይጠቀምባቸው በነበሩት ሁለት ግሶች ተቀበለው።

በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ፣ በተለይ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ በሚልክ መኪና ላይ፣ ሦስት ዘንጎችን ይይዛል። አንደኛው በፍሪሲዮን በኩል ከሞተሩ ኃይል ይቀበላል። ሁለተኛው ከሥር ሆኖ ያንን ኃይል ለተለያየ መጠን ጥርሶች ያካፍላል። ሦስተኛው፣ ዋናው ዘንግ፣ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ወደ ፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ጥርሳቸው ሁልጊዜ የተነካከሰ ነው፤ ዋናው ዘንግ ላይ ያሉት ግን በዘንጉ ዙሪያ እንደ ልባቸው ይሽከረከራሉ። አሽከርካሪው ማርሽ ሲያስገባ ጥርስን ከጥርስ አያገናኝም፤ ከእነዚያ ነጻ ማርሾች አንዱን ከዘንጉ ጋር ይቆልፈዋል። መቆለፉ ያለ ጩኸት እንዲሆን በመካከል የነሐስ ቀለበት ገብቶ በሰበቃ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል። ይህ ሲንክሮናይዘር የሚባለው ዘዴ በሽያጭ መኪና ላይ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1928 በካዲላክ ነው።

ፍቺ የሚጀምረው ዘይቱን በማውረድ ነው፤ መፍታትም መረዳት የሚሆነው ከዚሁ ጊዜ አንሥቶ ነው። በዘይቱ ውስጥ የሚብለጨለጭ ቢጫ ብናኝ የነሐሱ ቀለበት መበላቱን ይናገራል። ግራጫ የብረት ስባሪ ከተገኘ ወይ ጥርስ ወይ ኩሽኔታ ተጎድቷል። ከዚያ መኪናው በክሪክ ከፍ ብሎ በጽኑ እግር ላይ ይቆማል፤ ብዙ አሥር ኪሎ የሚመዝነው ካምቢዮ በራሱ ማንሻ ተደግፎ ከሞተሩ ይላቀቃል። በዚህ ጊዜ ካምቢዮው በገቢው ዘንግ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር መጠንቀቅ ግድ ነው፤ ክብደቱ ዘንጉንና የፍሪሲዮኑን ሸራ ያጎብጣልና። ቤቱ ሲከፈት የማርሽ መምረጫው ዘንጎች በጥንቃቄ ይወጣሉ። ከእነርሱ በታች በስፕሪንግ የተገፉ ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉ፤ ዘንጉ ሲሳብ ኳሱ ተስፈንጥሮ ይወጣና ወለል ላይ ይጠፋል። በመምረጫዎቹ መካከል ደግሞ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል አጭር ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ ጠፍቶ የተገጠመ ካምቢዮ ሁለት ማርሽ በያዘ ቅጽበት ይቆለፋል።

መቆለፊያ ቀለበቶቹን ለማውጣት ጫፋቸው መርፌ የመሰለ ልዩ ፒንሳዎች አሉ፤ አንዱ ዓይነት ቀለበቱን ይከፍታል፣ ሌላው ይጨምቃል። በተራ ካቻቢቴ ቢሞከር ቀለበቱ ይጣመማል ወይም ወደ ዓይን ይፈናጠራል። ኩሽኔታው ጋ ሲደረስ ሥራው ይከብዳል፣ የመሣሪያው ጥበብም ጎልቶ ይታያል። ኩሽኔታ ውስጠኛና ውጫዊ ቀለበት አለው፤ በመካከላቸው ኳሶች ወይም ሮለሮች አሉ። ዘንጉ ላይ ጠብቆ የተቀመጠው ውስጠኛው ቀለበት ከሆነ መንቀያው መያዝ ያለበት ያንኑ ነው። ውጫዊውን ይዞ የሚስብ ሰው ኃይሉን በኳሶቹ በኩል ያሳልፋል፤ ኳሶቹም መንገዳቸው ላይ ለዓይን የማይታይ ጉድጓድ ይተዋሉ። ጉዳቱ የሚሰማው ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ፣ በጩኸት ነው። ስለዚህ ኩሽኔታ መንቀያም ሆነ መጫኛ ፕሬስ ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ዋናው ሥራው የጉልበቱን መንገድ መምራት ነው።

ሙቀትም መሣሪያ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። 72 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኩሽኔታ መቀመጫ በ80 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚከፈት፣ በመዶሻ ያልነቃነቀ ኩሽኔታ በገዛ ክብደቱ ሊወርድ ይችላል። መዶሻ ሲያስፈልግም በብረቱና በመዶሻው መካከል የነሐስ ወይም የመዳብ ዘንግ ይገባል። ነሐስ የሚመረጠው ከዘንጉ ስለሚለሰልስ ነው፤ መጎዳት ያለበት አንዱ ከሆነ መሣሪያው ይጎዳ በሚል። አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ጫፉ እንደ እንጉዳይ የተዘረጋ የነሐስ ዘንግ ይገኛል፤ እያንዳንዱ እጥፋቱ አንድ የዳነ ዕቃ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ማንም መሣሪያ ብሎ የማይቆጥራቸው አሉ፤ ሳህን፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የቀለም ምልክት፣ ፎቶግራፍ። ክፍሎቹ በወጡበት ተራ ይደረደራሉ፣ ወዴት ይዞሩ እንደነበር ምልክት ይደረግባቸዋል፣ በአንድ ዘንግ የነበሩ ቀለበቶች በአንድ ሽቦ ይሰካሉ። ዕቃው ሲፈታ ብረቱ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ተራው ነው። ሳህኑ የሚይዘው ቀለበቱን ይመስላል፤ በእርግጥ የሚይዘው ግን «ከዚህ ቀጥሎ ይህ» የሚለውን ነው። ዕቃ ያለ ተራ ሊቀመጥ ይችላል። ተራ ግን ያለ ዕቃ ሊቀመጥ የሚችለው በሰው ኅሊና ወይም በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ሁሉም ክፍሎች ታጥበው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ካምቢዮው አለ ወይስ የለም? ተመሳሳይ ጥያቄ በሕንድ የቡድሃ እምነት ተከታዮች መካከል ስለ ሠረገላ ተጠይቆ ነበር። «የሚሊንዳ ጥያቄዎች» በተባለው መጽሐፍ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የገዛው ግሪካዊው ንጉሥ ሜናንደር ከመነኩሴው ናጋሴና ጋር ይከራከራል። መነኩሴው ንጉሡን የመጣበትን ሠረገላ እያሳየ ይጠይቀዋል፤ ሠረገላው መንኮራኩሩ ነው? ምሰሶው ነው? ወይስ የሁሉ ክምር? ወይስ ከእነዚህ ውጭ የሆነ ሌላ ነገር? ንጉሡ ለሁሉም አይደለም ይላል። የናጋሴና መደምደሚያ፣ ሠረገላ ማለት በክፍሎቹ ላይ ተመሥርቶ የሚነገር ስም እንጂ ከጀርባቸው የተደበቀ ህልውና አይደለም የሚል ነው፤ ሰውም እንዲሁ ነው ይላል።

አርስቶትል ጥያቄውን በሌላ በኩል ያዘው። «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው በሰባተኛው መጽሐፍ መጨረሻ፣ ሁለት ፊደላት ተጣምረው የሚሠሩት ድምፅ የፊደላቱ ድምር እንዳልሆነ፣ ፊደላቱ ከተለያዩ በኋላ ድምፁ እንደማይኖርና ፊደላቱ ግን እንደሚኖሩ ያስረዳል። በአማርኛ ምሳሌውን ማሳየት ቀላል ነው። «ል» እና «ብ» በአንድ ተራ ሲቆሙ ልብ ይሆናሉ፣ ተራቸው ሲገለበጥ ብል ይሆናሉ። አንዱ የሰው ሕይወት መኖሪያ ነው፣ ሌላው ልብስ የሚበላ ነፍሳት ነው። ፊደል አልተጨመረም፣ ፊደል አልተቀነሰም። እንግዲህ ልብን ልብ ያደረገው ፊደላቱ ብቻ አይደሉም፤ ተጨማሪ ሦስተኛ ፊደልም አይደለም፤ ሌላ ፊደል ቢሆን ኖሮ እሱን ከሁለቱ ጋር የሚያገናኝ አራተኛ ያስፈልግ ነበርና። አርስቶትል ይህን ቅርጽ ይለዋል፤ ቅርጽ ሲል ደግሞ የውጭ መልክ ማለቱ አይደለም፣ ነገሩን ያ ነገር የሚያደርገውን አቋም ነው።

በሁለቱ መካከል ለመፍረድ የግጥም መሣሪያዎች ይረዳሉ። ናጋሴና እንዳለው ካምቢዮ ስም ብቻ ቢሆን፣ ስሙን መስጠት የሰው ፈቃድ ስለሆነ ስህተት ባልተቻለ ነበር። ጋራዡ ግን ስህተት እንደሚቻል ያውቃል፤ ክፍሉ ሁሉ በቦታው ገብቶ፣ ብሎኑ ሁሉ ታስሮ፣ ካምቢዮው የማይሠራበት ጊዜ አለ። የጎደለው ነገር በሚሊ ሜትር ይለካል።

ይህ በጣም ጎልቶ የሚታየው በክፍተት መለኪያው ነው። መሣሪያው እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጡ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቅጠል ውፍረቱ ተጽፎበታል፣ 0.05፣ 0.10፣ 0.15 እያለ ይቀጥላል። መካኒኩ የነሐሱን ቀለበት በጥርሱ ሾጣጣ ላይ ጫን አድርጎ በመካከላቸው የቀረውን ክፍተት በቅጠል ይፈትሻል። በብዙ ካምቢዮዎች አዲስ ቀለበት አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ይተዋል። ቀለበቱ እየተበላ ሲሄድ ወደ ሾጣጣው ጠልቆ ይገባል፣ ክፍተቱም ይጠባል፤ ሲዘጋ ቀለበቱ መያዝ ስለማይችል ማርሽ በገባ ቁጥር ጥርስ ይንጫጫል። እዚህ ላይ የሚለካው የሌለ ነገር ነው። ክፍተቱ የመለዋወጫ ቁጥር የለውም፣ ከሱቅ አይገዛም፣ በዘይት አይታጠብም። ሆኖም ያለ እርሱ ካምቢዮው ካምቢዮ አይደለም። አርስቶትል ቅርጽ ያለው ነገር በዚህ ቅጠል ጫፍ ይዳሰሳል ማለት ማጋነን አይሆንም።

የዘንጎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስም እንዲሁ ነው። መግነጢሳዊ እግር ያለው ባለ መርፌ መለኪያ ቤቱ ላይ ይተከላል፣ ጫፉ የዘንጉን አፍ ይነካል፣ ዘንጉ በእጅ ይገፋል፣ ይሳባል፤ መርፌው የመቶኛ ሚሊ ሜትር ጉዞውን ያሳያል። ጉዞው ከበዛ ከኩሽኔታው ሥር ወፈር ያለ ስስ ቀለበት ይገባል፣ ካነሰ ሳሳ ያለው ይተካል። ውፍረታቸውን ለመለየት ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። የማይክሮሜትሩ ሚስጥር አንድ ጥሩ ብሎን ነው፤ በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ብሎን ዙሪያው በ50 ተከፍሎ እያንዳንዱ መስመር 0.01 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን አሠራር ፈረንሳዊው ዣን ሎራን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1848 በፈጠራ መብት አስመዘገበው። በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈው ልክ ስለ አሁን ብቻ የሚናገር አይደለም። የሚለካው በቀዝቃዛ ብረት ነው፤ ካምቢዮው ሲሞቅ ግን የአሉሚኒየሙ ቤት ከብረት ዘንጉ አብልጦ ስለሚረዝም ልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ትክክል የሆነው ልክ መንገድ ላይ ትክክል የሚሆነው አይደለም። ቁጥሩን ያወጣው ሰው ሙቀቱን አስቀድሞ አስቦለታል፤ መካኒኩም ገና ላልመጣው ሙቀት ሲል ዛሬ ያልተመቸ የሚመስለውን ልክ ይቀበላል።

ማጥበቂያው ላይ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። ብሎን የሚይዘው በመጠኑ ሲለጠጥ ነው፤ ሊታወቅ የሚፈለገው መለጠጡ ሲሆን ቁልፉ የሚያሳየው ግን የመዞሩን ኃይል ብቻ ነው። ከዚያ ኃይል አብዛኛው በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሱ ላይ ለሰበቃ ይውላል፤ ብሎኑን ለመሳብ የሚተርፈው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ጥርሱ በዘይት ከራሰ ያው ቁጥር ብሎኑን ከሚገባው በላይ ይስበዋል። ስለዚህ መሣሪያው ዕውቀት የሚሰጠው ከሌላ ዕውቀት ጋር ሲሆን ብቻ ነው፤ ጥርሱ ደረቅ መሆኑን፣ ንጹሕ መሆኑን፣ አዲስ መሆኑን ላላወቀ ሰው ቁጥሩ ምስክር አይሆንም።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ከባድ መቃወሚያ አለ፤ ታሪክ ራሱ ያቀረበው። እ.ኤ.አ. በ1908 በእንግሊዝ አገር፣ በብሩክላንድስ የመኪና መሮጫ፣ የንጉሣዊው አውቶሞቢል ክበብ ሦስት የካዲላክ መኪኖችን አስፈትቶ ነበር። እያንዳንዳቸው 721 ክፍል ነበራቸው። ክፍሎቹ በአንድ ክምር ተደባለቁ፤ ከክምሩ 89 ክፍሎች ወጥተው በምትካቸው ከሻጩ መጋዘን የመጡ አዳዲስ ገቡ። ከዚያ መካኒኮች በቁልፍና በካቻቢቴ ብቻ፣ ሞረድ ሳይነኩ፣ ሦስት መኪኖችን መልሰው ገጠሙ። መኪኖቹም 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሮጡ፤ ካዲላክም የደዋር ዋንጫን ተሸለመ። በወቅቱ በብዙ ፋብሪካዎች እያንዳንዱ ክፍል በሞረድ እየታሸ ለጓደኛው እንዲስማማ ይደረግ ስለነበር፣ ለተመልካቹ ነገሩ ተአምር ይመስል ነበር።

ታዲያ መለኪያ አለመኖሩ ግጥም የክፍሎች ድምር ነው ማለት ነው? አይደለም። ልኩ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ብሩክላንድስ ላይ ማይክሮሜትር ያላስፈለገው መኪኖቹ በተሠሩበት በዲትሮይት ስላስፈለገ ነው። የካዲላኩ ሄንሪ ሌላንድ ትክክለኛነትን እንደ እምነት የያዘ ሰው ነበር። በስዊድን ደግሞ ካርል ኤድቫርድ ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ እርስ በርስ ሲጣበቁ ማንኛውንም ልክ የሚሠሩ የብረት መለኪያ ጡቦችን ሲያሰናዳ ነበር፤ ፋብሪካዎች በየአገሩ አንድ ዓይነት ሚሊ ሜትር እንዲኖራቸው ያስቻሉት እነዚያ ጡቦች ናቸው። በቀድሞው አሠራር ሁለት ክፍሎች የሚስማሙት አንዱ ለሌላው ስለተሞረደ ነው። በአዲሱ ሁለቱም ለአንድ ሦስተኛ ነገር፣ ለልኩ፣ ስለታዘዙ ይስማማሉ። ዛሬ የመለዋወጫ ዕቃ ተገዝቶ ያለ ሞረድ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የብሩክላንድስ መኪኖች አሮጌውን የቴሴዎስ መርከብ ጥያቄ በብረት አቁመውታል። ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ስለኖሩ፣ መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ በሚል ፈላስፎች ይከራከሩበት ነበር። ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ጥያቄውን አከበደው፤ አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ በቀድሞ ተራቸው ቢገጥማቸው፣ የቴሴዎስ መርከብ የቱ ነው? ለጉዞ የሚሠራ መርከብ ለሚፈልግ ሰው መልሱ አያስጨንቅም። ጋራዡ ግን ሆብስ ያላሰበውን አንድ ነገር ይጨምራል። አብረው ብዙ የሠሩ ሁለት ጥርሶች አንዱ በሌላው ላይ መልኩን ይቀርጻል። አንዱ ብቻ በአዲስ ቢተካ፣ ልኩ በማይክሮሜትር ትክክል ሆኖ ሳለ ሊጮህ ይችላል። የዲፈረንሻል ትልቁና ትንሹ ጥርስ ደግሞ ገና ፋብሪካ ሳሉ ተፋጭተው፣ የጋራ ምልክት ተሰጥቷቸው ጥንድ ሆነው የሚሸጡ ናቸው፤ ከሌላ ጥንድ የመጣ አንድ አይገባባቸውም። ስለዚህ ታሪክ በነገሩ ላይ ከውጭ የተለጠፈ ወሬ ብቻ አይደለም። በብረቱ ፊት ላይ ተጽፏል፣ በጆሮም ይሰማል።

የሃይማኖቱ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ነው። ሥጋ ተፈትቶ አፈር ከሆነ በኋላ የሚነሣው ያው ሰው ነው ሲባል፣ ያውነቱ በምን ይቆማል? አውግስጢኖስ «ኤንኪሪዲዮን» በተባለው መጽሐፉ የቀለጠ ሐውልትን ምሳሌ አድርጓል። ሠሪው ከዚያው ብረት ሐውልቱን መልሶ ሲያፈስ፣ ብረቱ ሳይጎድል እስከተመለሰ ድረስ የትኛው ቅንጣት ወደ የትኛው አካል እንደሄደ ለውጥ የለውም ይላል። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 37 ያለው ራእይ ግን የማፍሰስ ሥዕል አይደለም፣ የመግጠም ነው። በሸለቆ የተበተኑት የደረቁ አጥንቶች በድምፅ እየተንቀሳቀሱ እያንዳንዱ ወደ ገዛ አጥንቱ ይቀርባል፤ ከዚያ ጅማት፣ ቀጥሎ ሥጋ፣ ከላይ ቆዳ ይመጣል። ተራ አለው፣ ጥንድም አለው። ሐውልት አፍሳሹ ቁስና መልክ ይበቃዋል፤ ሕዝቅኤል ያየው ግን እያንዳንዱ አጥንት ጓደኛውን እንዳልረሳ ነው። አብሮ የኖረ ነገር ምልክቱን ይዞ እንደሚቆይ ለሚያውቅ ሰው የነቢዩ ሥዕል የበለጠ ይቀርባል።

ምሳሌው የሚቆምበት ቦታም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አለ። አካላቱ ተሟልተው፣ ቆዳ ለብሰው፣ እስትንፋስ ግን አልነበራቸውም። ካምቢዮ ላይ ከግጥም በኋላ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ልኩ ሁሉ ከተመለሰ ካምቢዮው ተመልሷል። በሰው ላይ ግን ነቢዩ ግጥሙ ካበቃ በኋላ ሁለተኛ ትእዛዝ ይቀበላል፣ እስትንፋሱም ከሌላ ወገን ይመጣል። እንግዲህ አርስቶትል ለዕቃ የሚበቃ መልስ ሰጥቷል፤ ለሰው የሚበቃ መሆኑ ግን በዚህ አይታወቅም። ናጋሴና ከሠረገላው ወደ ሰው በአንድ እርምጃ ሲሻገር ያለፈው ይህን ድንበር ነው።

ልኩ ሁሉ በቁጥር ቢጻፍም የመጨረሻው ዳኛ እጅ ነው። አርስቶትል እጅን የመሣሪያዎች መሣሪያ ብሎታል፤ ክፍተት መለኪያውን የያዘ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። ቅጠሉ በክፍተቱ ሲያልፍ ልል ከሆነ ልኩ ሰፍቷል፣ ካልገባ ጠቧል፤ ትክክሉ በቀስታ የሚጎተት ሲሆን ነው። ያ ቀስታ ስንት እንደሆነ መጽሐፍ አይነግርም፣ ከአስተማሪ እጅ ወደ ተማሪ እጅ ይተላለፋል። ፈላስፋው ሚካኤል ፖላኒ ሰው ሊናገር ከሚችለው በላይ ያውቃል ያለው ይህንን የመሰለውን ዕውቀት ነው። መዶሻ የያዘ ሰው የሚሰማው እጀታው መዳፉን ሲመታው ሳይሆን የመዶሻው ራስ ብረቱን ሲነካው መሆኑንም ፖላኒ አስተውሏል። ማርቲን ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1927 በታተመው መጽሐፉ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ጽፎ ነበር፤ መሣሪያ በደህና ሲሠራ አይታይም፣ የሚታየው ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ነው። የቀለበት ፒንሳው ጫፍ ሲሸራረፍ መካኒኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፒንሳውን ትክ ብሎ ያየዋል።

ይህን ዕውቀት የያዘው እጅ በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ መኖሩ ሊታለፍ አይገባም። ብረት ሠሪው ቀጥቃጭ ተብሎ ይሰደብ፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ ማረሻውና ማጭዱ ግን የእርሱ ሥራ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። ዘመኑ የብሩክላንድስ ፈተና የተደረገበትና የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባበት ዘመን ነው። ብረትን ለብረት ማስማማት የቻለ እጅ እንደ ርኩስ መታየቱ በደል ነበር፤ የዕውቀትም ኪሣራ ነበር፤ በቃል የማይጻፍ ዕውቀት ባለቤቱ ሲሸሸግ አብሮ ይሸሸጋልና።

የግጥሙ ፍጻሜ መሣሪያ የለውም ማለት ይቻላል። ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ገቢው ዘንግ በእጅ ይዞራል፤ በመጀመሪያ ያለ ማርሽ፣ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ማርሽ፣ በመጨረሻም በኋላ ማርሽ። የሚያዝበት፣ የሚከብድበት፣ የሚንኳኳበት ቦታ እንዳለ ጣት ይሰማል። ሳህኑ ላይ የቀረ ቀለበት ካለ ሥራው አላለቀም፤ ከየት እንደወጣ እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም መልሶ ይፈታል። ምንም ካልቀረ አዲስ የዘይት ማገጃ ጎሚኒ ይገባል፣ የቤቱ ሁለት ፊቶች ተጠርገው ይጋጠማሉ፣ ብሎኖቹ በተራ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተሻገሩ፣ በደረጃ ይጠብቃሉ። ካምቢዮው መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ ዘይቱ በጎን ቀዳዳው በኩል ይሞላል፤ ደረጃው ላይ ሲደርስ በዚያው ቀዳዳ መንጠባጠብ ይጀምራል። ያኔ ቀዳዳው ይታሸጋል።